ወደ ሠረገላው የቀረበ መምህር፦ የቀደሙት አርድእት የስብከት ሕይወትና የዛሬዋ ላስታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ የልደት በዓል ሲቃረብ የላስታ መንገዶች ነጠላ በለበሱ ምእመናን ይሞላሉ። ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከትግራይና ከዋግ የተነሡ ተሳላሚዎች፣ ብዙዎቹም ለቀናት በእግራቸው ተጉዘው፣ ወደ ቅዱስ ላሊበላ ይደርሳሉ። ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችን ልደት ከጻድቁ ንጉሥ ልደት ጋር በአንድነት ይከበራል። ካህናቱና ዲያቆናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ» በሚለው ዝማሬ ያሸበሽባሉ። በዓሉ ሲፈጸም ተሳላሚው ስንቁን ጠቅልሎ ወደ መጣበት ይመለሳል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክም ከቅድስት ከተማ ተሳልሞ በሚመለስ ሰው መንገድ ላይ የተፈጸመ ነው። ጃንደረባው ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቷል፤ ሰግዷል፤ መጽሐፍም ይዞ እያነበበ ይመለሳል። ነገር ግን የሚያነበውን የሚተረጉምለት አላገኘም። ጉዞው ሙሉ የሆነው ፊልጶስ ወደ ሠረገላው በቀረበ ጊዜ ነው። እኛስ ዛሬ ከላሊበላ ለሚመለሰው ተሳላሚ፣ ለሚጎበኘው እንግዳ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ጥላ ሥር ለሚያድገው ሕፃን ማን ይቀርብለታል? በዚህ ጽሑፍ የቀደሙት አርድእት ሃይማኖታቸውን ለሌላው ያደረሱበትን መንገድ፣ በሀገራችን የታየውን ፍሬውንና ዛሬ ከእኛ የሚጠበቀውን በአጭሩ እንመለከታለን።

ሀ. የቀደሙት አርድእት እነማን ናቸው?

በግእዝ «ረድእ» ማለት ረዳት፣ ተከታይ፣ ደቀ መዝሙር ማለት ነው፤ ሲበዛ «አርድእት» ይሆናል። «ሐዋርያ» የሚለው ስም ደግሞ «ሖረ»፣ ማለትም «ሄደ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ሂያጅ፣ መልእክተኛ የሚል ትርጉም አለው። ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ ስናስተውላቸው የአገልግሎቱን ባሕርይ ይነግሩናል። ሐዋርያ ከመናገሩ በፊት ይሄዳል፤ ረድእ ከማስተማሩ በፊት ያገለግላል።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት መሠረት የመጀመሪያዋ የክርስቲያኖች ማኅበር መቶ ኻያው ቤተሰብ ትባላለች (ሐዋ. 1፥15)። እነርሱም 12ቱ ሐዋርያት፣ 72ቱ አርድእትና 36ቱ ቅዱሳት አንስት ናቸው። ጌታችን አርድእቱን ሁለት ሁለት አድርጎ በፊቱ ልኳቸዋል (ሉቃ. 10፥1)። ብቻውን የሄደ ሰው ቢደክም የሚደግፈው፣ ቢሳሳት የሚያርመው አያገኝምና።

ወደ ጃንደረባው የተላከው ፊልጶስ ከ12ቱ ሐዋርያት አንዱ የሆነው ፊልጶስ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። እርሱ ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ነው። ሰባቱ የተመረጡት በዕለት ምግብ እደላ መበለቶች ቸል ተብለዋል የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ነበር (ሐዋ. 6፥1-6)። ስለዚህ ይህ ታላቅ ሰባኪ አገልግሎቱን የጀመረው የመበለቶችን ማዕድ በማገልገል ነው። በኋላም በቂሳርያ ይኖር እንደነበርና ትንቢት የሚናገሩ አራት ደናግል ሴቶች ልጆች እንደነበሩት ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል (ሐዋ. 21፥8-9)። ቤቱም የእምነት ቤት ነበረ ማለት ነው።

ለ. ከጋዛው መንገድ የምናገኛቸው ትምህርቶች

1. ስለ አንዲት ነፍስ መሄድ። ፊልጶስ በሰማርያ ሲሰብክ ሕዝቡ በአንድ ልብ ይሰማው ነበር፤ በከተማይቱም ታላቅ ደስታ ሆነ። መልአኩ ግን ከዚያ ሁሉ ጉባኤ አንሥቶ ወደ ምድረ በዳ መንገድ ላከው። በዚያ የጠበቀው አንድ መንገደኛ ነው። ፊልጶስ «ብዙ ሕዝብ ትቼ ለምን?» ብሎ አልጠየቀም። የስብከት ዋጋ በሰሚዎች ብዛት በሚለካበት በዚህ ዘመን ይህ መታዘዝ ትልቅ ተግሣጽ ነው። ከጉባኤ ርቆ፣ ከአጥቢያው ተቆርጦ፣ ስለ እምነቱ የሚያማክረው አጥቶ የሚኖር አንድ ወንድም የምድረ በዳው መንገደኛ ነው።

2. ቀርቦ መስማት፣ ሰምቶም መጠየቅ። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሮጦ ደረሰ፤ ሲደርስም አስቀድሞ አዳመጠ። ሰውየው ትንቢተ ኢሳይያስን እያነበበ እንደሆነ ሰማ። ከዚያ በኋላ የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራው ሳይኖር ማስተዋል እንደማይችል በትሕትና መለሰለት፤ ከእርሱም ጋር እንዲቀመጥ ለመነው። የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል በሠረገላው ላይ ለአንድ እግረኛ ቦታ ሰጠ። ጥያቄው በመናቅ ቢጠየቅ ኖሮ ይህ ግብዣ ባልተገኘም ነበር።

3. ሰውየው ከያዘው መጀመር። ፊልጶስ የራሱን ርእስ ይዞ አልመጣም። ጃንደረባው ከደረሰበት ከዚያው ኃይለ ቃል፣ ለመታረድ እንደሚነዳ በግ ሆኖ ስለተገለጸው የእግዚአብሔር አገልጋይ ከሚናገረው ትንቢት ተነሥቶ (ኢሳ. 53) ወደ ክርስቶስ አደረሰው። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና ያደረገው ይህንኑ ነው። በከተማው ያየውን ለማይታወቅ አምላክ የተሠራ መሠዊያ መነሻ አድርጎ ስለ ሕያው አምላክ አስተማረ (ሐዋ. 17፥22-31)።

4. ወደ ምሥጢር ማድረስ። ትምህርቱ በውይይት ብቻ አልተፈጸመም። ውኃ ባገኙ ጊዜ ጃንደረባው እንዲጠመቅ ጠየቀ፤ ሁለቱም ወርደው ተጠመቀ። ሰውን ወደ ጥምቀት፣ ወደ ንስሐና ወደ ቅዱስ ቁርባን የማያደርስ ስብከት መንገድ ላይ የቀረ ስብከት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ባኮስ የሚባለው ይህ ጃንደረባ የተቀበለውን ይዞ ወደ ሀገሩ ተመልሷል፤ የክርስትና ዜናም በእርሱ አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ እንደደረሰ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች።

5. ሰውን ለእግዚአብሔር መተው። ከጥምቀቱ በኋላ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ ጃንደረባው ዳግመኛ አላየውም፤ ነገር ግን ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ። ደስታው በመምህሩ ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም። መምህሩን ሲያጣ ክርስቶስን የማያጣ ደቀ መዝሙር ማፍራት የእውነተኛ መምህር ምልክት ነው።

በዚሁ ምዕራፍ ሌላም ሥርዓት እናያለን። የሰማርያ ሰዎች በፊልጶስ ስብከት አምነው ቢጠመቁም እጅ ጭነው መንፈስ ቅዱስን እንዲቀበሉ ያደረጉት ከኢየሩሳሌም የመጡት ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ዮሐንስ ናቸው (ሐዋ. 8፥14-17)። ዲያቆኑ የዲያቆንነቱን፣ ሐዋርያቱም የሐዋርያነታቸውን ፈጸሙ። ዛሬም እምነትን መመስከር የምእመን ሁሉ ድርሻ ነው፤ ምሥጢራትን መፈጸም ግን የካህናት ነው።

ሐ. አብነቱ በሀገራችን፦ ከአክሱም እስከ ላስታ

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ወደ አክሱም የመጡት በልጅነታቸው፣ በመርከባቸው ላይ ከደረሰ አደጋ ተርፈው ነው። በቤተ መንግሥት አደጉ፤ በታማኝነት አገለገሉ፤ እምነታቸውን በኑሯቸው አሳዩ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ጳጳስ እንዲላክ በጠየቀ ጊዜ ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱን ሾሞ መለሰው። ሕዝባችንም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብሎ ጠራው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ዘጠኙ ቅዱሳን ገዳማትን መሠረቱ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግእዝ በመተርጎም ይታወቃሉ። እንግዶች ሆነው መጥተው የሕዝቡን ቋንቋ ተማሩ እንጂ ሕዝቡን በቋንቋቸው አልጠበቁትም።

የዛጉዌ ዘመን ሲደርስ ይህ አብነት በላስታ ተራሮች ሌላ መልክ ያዘ። ቤተ ክርስቲያናችን ከዚያ ዘመን ነገሥታት ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ቅዱስ ገብረ ማርያምን (ሐርቤን)፣ ቅዱስ ላሊበላንና ቅዱስ ነአኵቶ ለአብን በቅድስና ታስባለች። ክህነትን ከንግሥና ጋር አስተባብረው እንደያዙም ይነገራል። ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ያሠራው ቤተ መቅደስ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከሩቅ ሀገር መጥተው በዚያ ያረፉ ምእመናን ናቸው የሚባሉ ዐፅሞችም በዋሻው ውስጥ ይገኛሉ።

የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ከስብከት ጋር ያለው ግንኙነት በስሞቹ ይታወቃል። ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ክፍሎች የሚለየው ወራጅ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ከአብያተ መቅደሱ አንዱ ጎልጎታ፣ ሌላው ደብረ ሲና ተብለዋል፤ ቤተ ልሔም የሚባልም አለ። በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሡ ይህን ያደረገው ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ በረሓና ባሕር፣ ሽፍታና በሽታ የሚከለክለው ምእመን በሀገሩ ሆኖ የጌታን የማዳን ሥራ እንዲያስብ ነው። ብዙ ጸሐፍትም ይህን በ1187 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም በሰላሐዲን እጅ ከመውደቋ ጋር ያያይዙታል። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው እንደቀረበ፣ ቅዱስ ላሊበላም ኢየሩሳሌምን ወደ ደሃው ምእመን አቀረበለት።

ይሁን እንጂ ዓለት የተገለጠ መጽሐፍ ቢሆንም ራሱን አይተረጉምም። ትንቢተ ኢሳይያስ በጃንደረባው እጅ ተገልጦ ሳለ መምህር እንዳስፈለገው፣ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናትም የሚያስረዳ ሰው ይሻሉ። በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ በቁመተ ሰው የተቀረጹትን ቅዱሳን ማን እንደሆኑ፣ የዮርዳኖስ ጉድጓድ ስለ ጥምቀት ምን እንደሚናገር፣ የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ለምን መስቀል እንደሆነ ካልተነገረው፣ ያየ ሰው አድንቆ ይሄዳል እንጂ ተምሮ አይሄድም።

መ. ዛሬ ወደ ሠረገላው መቅረብ እንዴት ነው?

ለተሳላሚው። የላሊበላ ምእመናን በልደት በዓል ተሳላሚን እግሩን አጥበው በመቀበል ይታወቃሉ። ይህ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ያደረገውን የሚያሳይ (ዮሐ. 13) ከቃል የሚቀድም ስብከት ነው። እግሩ ለታጠበው እንግዳ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ጆሮ ነው፤ ከየት መጣህ? ስእለትህ ምንድን ነው? ንስሐ አባት አለህ ወይ? ብዙ ምእመን በየዓመቱ እየተሳለመ ለንስሐና ለቅዱስ ቁርባን ሳይበቃ ይኖራል። በማደሪያው፣ በጸበሉ ስፍራ፣ በመመለሻው መንገድ በጥቂቱ በጥቂቱ የሚያነጋግሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ካህናት ቢመደቡ፣ ሰውየው ሲመለስ በአጥቢያው ወደሚገኘው ካህን የሚቀርብበትን ምክር ይዞ ይሄዳል። ከዋግ በኩል የሚመጡት ወገኖቻችን ዘንድ ኽምጥኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መሆኑም መረሳት የለበትም። በበዓለ ኀምሳ መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰምቷልና (ሐዋ. 2፥6-11)።

ለጎብኚው። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ከልዩ ልዩ እምነትና ሀገር ሰዎች ይመጣሉ። ከብዙ ዘመን በፊትም በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ሲጽፍ አንባቢው እንዳያምነው ሰግቶ እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋግጧል። ያየ ሁሉ ይመሰክራል፤ የሚመሰክረው ግን የተነገረውን ጭምር ነው። እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «እንዴት ተፈለፈለ?» ብሎ ነው። አስጎብኚው ወይም ዲያቆኑ ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ «ለምን ተፈለፈለ?» ወደሚለው በእርጋታ ሊያደርሰው ይችላል። ገድሉ የሚለውን እንደ ገድሉ፣ በዓይን የሚታየውን እንደሚታየው ለይቶ መናገር፣ ያልተጻፈውንም አለመጨመር ይገባል። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ በየዋህነትና በፍርሃት እንድንመልስ አዝዟልና (1ኛ ጴጥ. 3፥15)።

ለሕፃናትና ለወጣቶች። ጢሞቴዎስ እምነቱን አስቀድሞ ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። የላስታ ልጅም ጾምን፣ ስግደትን፣ የማርያምን ስም መጥራትን የተማረው ከአያቱ ጉልበት ሥር ነው። በእንግዳ ብዛት የሚተዳደር ከተማ ግን የራሱ ፈተና አለው። ልጁ የቤተ ክርስቲያኑን ርዝመትና ስፋት ለእንግዳ መናገር እየቻለ በውስጡ የሚቀደሰውን ቅዳሴ ላያስተውል ይችላል። ፊደልን፣ ንባብን፣ ዜማን፣ ቅኔን የሚያስተምሩ የኔታዎች ቀለብና ልብስ እንዲያገኙ፣ ቆሎ ተማሪው በረኃብና በበሽታ ከትምህርቱ እንዳይፈናቀል መርዳት ከሁሉ የሚቀድም የስብከት ሥራ ነው። አጵሎስ በመጻሕፍት የበረታ ሰው ሳለ አቂላና ጵርስቅላ ወደ ቤታቸው ወስደው የጎደለውን በትክክል እንደገለጡለት ሁሉ (ሐዋ. 18፥24-26)፣ የተሳሳተ ወጣትም በአደባባይ ሳይዋረድ በቤት መታረም ይገባዋል።

በመከራ ጊዜ። ላስታ ተደጋጋሚ ድርቅ ያየች ምድር ናት፤ በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረኃብ ያላለፈበት የሰሜን ወሎ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ ከተማዋ በጦርነት ውስጥ አለፈች፤ በእንግዳ ይተዳደሩ የነበሩትም ገቢያቸው ተቋረጠ። የቀደሙት አርድእት በስደት ተበትነው ሳለ ቃሉን እየሰበኩ ዞረዋል (ሐዋ. 8፥1-4)። ነቢዩ አጋቦስ ረኃብ እንደሚመጣ በተናገረ ጊዜም የአንጾኪያ ክርስቲያኖች እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች ልከዋል (ሐዋ. 11፥27-30)። የተራበ ጎረቤቱን አልፎ ስለ ፍቅር የሚያስተምር ሰው ቃሉን ራሱ ያፈርሰዋል። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ ሀገር የሚኖሩ የላስታ ልጆች በጽዋ ማኅበራቸው የሚያዋጡት ሁሉ በዚህ የአንጾኪያ መንገድ የሚቆጠር ነው።

ሠ. ልንጠነቀቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ በገንዘብ ሊገዛ ፈልጎ ከቅዱስ ጴጥሮስ ብርቱ ተግሣጽ ደርሶበታል (ሐዋ. 8፥18-24)። የአስቄዋ ሰባት ልጆችም ሳያምኑበት የጌታን ስም ጠርተው አጋንንት ሊያወጡ ሲሞክሩ ቆስለው ራቁታቸውን ሸሽተዋል (ሐዋ. 19፥13-16)። የመጀመሪያው ስብከትን ለጥቅም ማዋልን፣ ሁለተኛው ሳይማሩና ሳይላኩ ማስተማርን ያወግዛሉ። ዛሬ በእጅ ስልክ ማንም ሰው በቅጽበት ለብዙ ሺህ ሰሚ መናገር በሚችልበት ጊዜ ሁለቱም ፈተናዎች ወደ እያንዳንዳችን ቀርበዋል። ከዚህ ላይ ክርክርን ማሸነፍ ነፍስን ማዳን የሚመስለው ሰው ሲጨመርበት ሰሚው ከትምህርቱ ይልቅ ቁጣውን ይዞ ይሄዳል። ፊልጶስ ጃንደረባውን አልረታውም፤ አጠገቡ ተቀመጠ እንጂ።

ማጠቃለያ

የቀደሙት አርድእት ብዙ መሣሪያ አልነበራቸውም። ሄዱ፣ ቀረቡ፣ ሰሙ፣ ከሰሚያቸው ጥያቄ ተነሥተው ስለ ክርስቶስ ተናገሩ፣ ወደ ምሥጢራት አደረሱ። በኋላም ተመልሰው የወንድሞችን ሁኔታ ጎበኙ (ሐዋ. 15፥36)። እኛም እያንዳንዳችን በዚህ ዓመት አንድ ሰው እናስብ። ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ጎረቤት፣ ጥያቄ ይዞ ያፈረ ልጅ፣ በመንገድ ያገኘነው ተሳላሚ ሊሆን ይችላል። ስሙን በጸሎታችን እንያዝ፤ ሄደን እንጠይቀው፤ የማናውቀውን ቢጠይቀን ከመገመት ይልቅ ወደ መምህራን እናድርሰው፤ ወደ ንስሐ አባት እስኪቀርብም አብረነው እንጓዝ። የተሳለመው ሁሉ ጃንደረባው እንደተመለሰ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ እንዲመለስ የእያንዳንዳችን መቅረብ ያስፈልጋል።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሐዋርያትና አርድእት ተራዳኢነት፣ የጻድቁ ንጉሥ የቅዱስ ላሊበላ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።